ሽመላ ከመጣ ወዲህ ዓሦቹ ወደ ላይ አንወጣም አሉ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ የሐይቅ ጓሮ

ሰላም ጀመዓ። ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበት የጓሮ ኩሬ አለን። ላዩ 8 በ8 ሜትር፣ ታቹ 4 በ4፣ የውሃው ጥልቀት መሃል ላይ 1.5 ሜትር ነው። ውስጡ ወደ 130 ቆሮሶ (አንዱ በአማካይ 120 ግራም) እና 15 ካርፕ (200 ግራም ገደማ) አለ። ቀለባቸው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ይበተንላቸዋል።

ባለፈው እሑድ ንጋት ላይ ሽመላ ዳሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ታች አንድ ጥግ ላይ ታጭቀዋል። ቀለብ ሲበተን አይመጡም፤ የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው እንደ ጉድ ይተራመሱና ውሃውን ያደፈርሱታል። አንድ ካርፕ ጀርባው ላይ የተወጋ ቁስል አለው። ፍርሃት ብቻ ነው ወይስ በሽታ ገብቷል? ቀለቡን ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ? ጎረቤት ደግሞ «ጨው በትኚበት» ይለኛል፤ ምን ያህል?

---

ቦርከና ዳር

አብሽሪ እህቴ። ከጻፍሽው ውስጥ ዋናው ነገር «ታች» የሚለው ነው። የፈራ ዓሣ ይወርዳል፤ ኦክስጅን ያጠረው ዓሣ ይወጣል። ንጋት ላይ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ከኩሬው 4 ወይም 5 ሜትር ርቀሽ፣ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ደቅነው የሚያለከልኩ ከሆነ ጉዳዩ የአየር ነው፤ ሽመላው ሰበብ ሆኗል ማለት ነው። ከመንጋው ተነጥሎ፣ ክንፉን አጣብቆ የሚንገዋለል ወይም ጎኑን ከፕላስቲኩ ጋር የሚፈትግ ካለ ጥገኛ ተባይ ወይም በሽታ ጠርጥሪ። የፈራ ዓሣ ግን በቡድን ነው የሚፈራው፤ ተጠጋግቶ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጥልቁ ላይ። ቆሮሶ ሲጨነቅ መልኩ ይጠቁራል፣ ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቁር መስመሮች ይወጡበታል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሲረጋጋ ይለቀዋል።

አንድ ሽመላ መቶ አርባ አምስት ዓሣ እንዴት አስደነገጠ ብትዪ፣ ምናልባት የተወጋው ካርፕ ነው ወሬውን ያደረሰው። የካርፕና የአምባዛ ወገን የሆኑ ዓሦች ቆዳቸው ውስጥ የማስጠንቀቂያ ኬሚካል አለ። ወደ ውሃው የሚወጣው ቆዳው ሲቀደድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሲያሸቱት ይሸሻሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ መብላት ያቆማሉ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1938 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ነገር ነው። ቆሮሶ ከዚያ ወገን ባይሆንም የካርፑን ሽሽት አይቶ አብሮ ይሸሻል። ሽታው ራሱ ቀናት አይቆይም። የሚቆየው ትምህርቱ ነው፤ «ዳር አደጋ አለ» ብለው ይዘዋል። ቀለብ የምትበትኚውም ዳር ቆመሽ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ለእነሱ አንቺም ረጅም እግር ያለሽ ጥላ ነሽ።

በደንብ በተያዘ ኩሬ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ቀለብ ይመለሳሉ። ሳምንት ካለፈ ወይ ሽመላው አንቺ ሳታዪው እየተመላለሰ ነው፣ ወይ ውሃው ችግር አለበት።

ስለ ቀለቡ፦ እንደ ቀድሞው መበተኑን ዛሬውኑ አቁሚ። አሁን ኩሬው ውስጥ ያለው ዓሣ በድምሩ 18 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ በ3 ከመቶ ብትሰጪ በቀን 550 ግራም ይሆናል። ይህ ሳይበላ በየቀኑ ታች ቢከማች ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ያወጣል፣ ኦክስጅኑንም ይጨርሳል። ዓሦቹ ያሉትም እዚያው ታች ነው። ድንጋጤው ካልገደላቸው ያልተበላው ቀለብ የሚገድላቸው እንዲህ ነው። 120 ግራም የደረሰ ዓሣ አንድ ሳምንት ባይበላ አይሞትም፤ ትንሽ ይከሳል እንጂ።

በምትኩ በሰፌድ ሞክሪያቸው። አሮጌ ሰፌድ ውሰጂ፣ በሦስት ገመድ አንጠልጥዪው፣ መሃሉ ላይ ለስላሳ ድንጋይ እሰሪበት። ፉርሽካው ብቻውን ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ከፋጉሎው ጋር በትንሽ ውሃ ጠጠር አድርገሽ አቡኪውና 50 ግራሙን ሰፌዱ ላይ ለጥፊው። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ወደ ጥልቁ ቀስ አድርገሽ አውርጂው፤ ጠዋት ሳትጎትቺ ቀጥ አድርገሽ አውጪው። ተበልቶ ከተገኘ ዓሦቹ ጤነኞች ናቸው፤ የፈሩት ቀኑን ነው። ካልተበላ ጥለሽው በነጋታው እንደገና ሞክሪ። መብላት ሲጀምሩ ወደ 140 ግራም (የቀኑ ሩብ)፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ። ወደ ላይ ለመመለስ ደግሞ ሰፌዱን በየቀኑ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ እያደረግሽ አንጠልጥዪው።

---

ኩታበር

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ወቅቱን አትርሱት። አሁን ሌሊቱ ይበርዳል። ቆሮሶ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቀለቡን ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲጠጋ ጭራሽ ያቆማል ማለት ይቻላል። ካርፕ ግን በዚያ ብርድ ይበላል። ስለዚህ ሰፌዱ ሲወጣ ካርፖቹ ብቻ ቀምሰውት ቆሮሶዎቹ ካልነኩት ብርዱ ነው። ሁለቱም ካልነኩት ፍርሃት ወይም ኦክስጅን ነው።

ቴርሞሜትር በክር አስራችሁ ከላይ በ30 ሴንቲ ሜትር እና ታች መሬቱ ላይ ለኩ፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት። ጠዋት 18፣ ከሰዓት 23 የሚያነብ ኩሬ ከሆነ የጠዋቱን 3 ሰዓት ቀለብ ተዉትና ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት አንዴ ብቻ ስጡ። ብዙ ሰው «ከፈሩ ወዲህ አይበሉም» የሚለው ግማሹ የታኅሣሥ ብርድ ነው።

---

የገራዶ ሰው

ስለ ጨውና ስለ ቁስሉ። እህቴ፣ ኩሬው ላይ ጨው እንዳትበትኚ። ሒሳቡን እንሥራው፦ ላዩ 64 ካሬ፣ ታቹ 16 ካሬ፣ ጥልቀቱ 1.5 የሆነ ኩሬ 56 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ለዓሣ ይጠቅማል ከሚባለው ዝቅተኛው፣ በሊትር 1 ግራም፣ 56 ኪሎ ጨው ይፈልጋል። 3 ግራም ቢባል 168 ኪሎ። ጎረቤትሽ ያሰበው ሁለት እፍኝ ከሆነ ምንም አይሠራም፤ በልኩ ከሆነ ደግሞ ያንን ውሃ ቃሪያና ሽንኩርት ላይ የምትለቂው ከሆነ አትክልቱን ታቃጥይዋለሽ። ጨው አይተንም፤ ውሃው ሲቀንስ እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ።

ለቆሰለው ካርፕ ብቻ ከሆነ በበርሜል ነው። 100 ሊትር የኩሬውን ውሃ (የቧንቧ አይደለም) በርሜል ውስጥ ቅጂ፣ 1 ኪሎ ጨው ሙሉ በሙሉ አሟሟተሽ ጨምሪ፤ የአፍዴራው ጨው ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ቀድመሽ በባልዲ አሟሚው። ዓሣውን 10 ደቂቃ አቆዪው። ጎኑን ከጣለ ወይም ከተገለበጠ ሰዓቱ ባይሞላም ወዲያው መልሺው። እጅሽን አርጥቢ፤ ደረቅ እጅና ደረቅ ጨርቅ ላዩ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ፈንገስ የሚገባው በዚያ በተገፈፈው ነው።

ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማጥመዱ ይገባል ወይ» ነው። አንድ ካርፕ ከ56 ሜትር ኩብ ውሃ ለማውጣት መረብ መጎተት ግድ ነው፣ ያ ደግሞ ከሽመላው የባሰ ድንጋጤ ነው። ዓሣ ሲደነግጥ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይላል፤ ድንጋጤው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይበርዳል። በላይ በላዩ ሲሆን ግን አይወርድም፣ የመከላከል አቅማቸው ይዳከማል፣ ከሳምንት በኋላ ያልቆሰሉት ጭምር ቁስል ማውጣት ይጀምራሉ። ስለዚህ ቁስሉ ንጹሕ ቀይ ከሆነና ካርፑ ከሌሎቹ ጋር ከሆነ ተዪው፣ ራሱ ይድናል። ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከበቀለ ወይም ዳሩ ወደ ግራጫ እየሰፋ ከሄደ ያኔ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደክሞ ዳር ላይ ስለሚገኝ በእጅ መረብ ይያዛል። ብርድ ላይ ፈንገስ ይጠነክራል፤ በየሁለት ቀኑ ከሩቅ እዪው።

ውሃ መቀየር ከፈለግሽ ከ10 ከመቶ አትለፊ፣ ማለትም 5 ሺህ ተኩል ሊትር ያህል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክፍት ታንከር ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይና ንፋስ ካላገኘ አትጨምሪ።

---

ቦርከና ዳር

የገራዶው ወንድሜ ስለ ድንጋጤ መደራረብ ያነሣው ነገር አንድ አስታወሰኝ። ፍግ ትጨምሪበታለሽ? ከሆነ ለሁለት ሳምንት አቁሚ። በፍግ የለማ አረንጓዴ ኩሬ ሌሊት ኦክስጅኑ ይወርዳል፤ ቅድሚያ የሚያልቀው ደግሞ ታች ነው። ጤነኛ ዓሣ ሲያጥረው ወደ ላይ ይመጣል። የፈራ ዓሣ ግን ለመውጣት ያመነታል፣ እዚያው ይዳከማል። «በፍርሃት ሞቱ» የሚባሉት አብዛኞቹ እንዲህ የታፈኑ ናቸው።

ነጭ ሰሃን በዱላ ጫፍ አስረሽ አጥልቂው፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር በፊት ከዓይን ከጠፋ ውሃው ከመጠን በላይ ለምቷል። ከ30 እስከ 40 ላይ ከጠፋ ጥሩ ነው። ሞተር ካለሽ ንጋት 10 ሰዓት ላይ የኩሬውን ውሃ ስበሽ፣ 1 ሜትር ከፍታ ላይ በተሰቀለ በተበሳሳ ጣሳ በኩል መልሰሽ አፍስሺው፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። መሳቢያውን ዓሦቹ ካሉበት ጥግ አርቂው፣ ድምፁ ራሱ ያስደነግጣል።

---

የቃሉ ማማ

ሁላችሁም ስለ ዓሦቹ ነው የምታወሩት፤ ባለጉዳዩ ሽመላው ነው! ዓሣ በልቶ የሄደ ሽመላ ይመለሳል። በቀን ከ300 እስከ 500 ግራም ይበላል፣ በእናንተ ልክ 3 ወይም 4 ቆሮሶ። ስለዚህ እህቴ፣ ፍርሃታቸውን ለማስለቀቅ አትቸኩዪ። መከላከያው እስኪሠራ ድረስ ፍርሃታቸው ጠባቂያቸው ነው፤ ዛሬ ወደ ዳር ብታለማምጃቸው ለነገ ንጋት ቁርስ ታቀርቢያቸዋለሽ።

ኩሬሽ ለሽመላ የተመቸ ነው። ግድግዳው በ2 ሜትር 1.5 ሜትር ነው የሚወርደው፤ ከዳሩ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ጥልቀቱ 37 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሽመላ እዚያ ቆሞ ይወጋል። ሽመላ አይጠልቅም፣ በዝላይ አይገባም፤ አጠገቡ ሜዳ ላይ ያርፍና በእግሩ ይመጣል። መከላከያውም ከዚህ ይነሣል። ከዳሩ 30 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ዙሪያውን እንጨት ቸክዪ፤ ወፍራም የናይለን ገመድ በሁለት ረድፍ ወጥሪ፣ አንዱ ከመሬት 20፣ ሁለተኛው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ። ሲመጣ ደረቱና ጉልበቱ ይመታል፣ ይመለሳል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ጠዋት ያልቃል።

አስተማማኙ ግን ከላይ የሚወጠር መረብ ነው። ለ8 በ8 ኩሬ 10 በ10 ሜትር መረብ፤ ለሽመላ ዓይኑ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፣ ትንንሽ ጫጩት ዓሣ ካለና ዓሣ አጥማጁ ወፍ ካስቸገረ 2 ሴንቲ ሜትር። ከውሃው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። መሃሉ እንዳይረግብ በመስቀለኛ የሽቦ ገመድ ያዢው፤ የረገበ መረብ ላይ ሽመላ ቆሞ በቀዳዳው ይወጋል። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር አትጠቀሚ፣ ወፍ ይጠላለፍበትና እየተንፈራገጠ ሲውል ዓሦቹን ሌላ ሳምንት ያስደነግጣል። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል መረቡ ላይ ተከማችቶ ምሰሶውን ይነቅለዋል፤ ደመናው ሲጠቁር አንዱን ጎን ፍቺው።

ማስፈራሪያ አሻንጉሊት፣ የሚያብረቀርቅ ሲዲ ምናምን ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ሽመላው ይለምደዋል፤ ቦታውን ካልቀያየርሽ ዋጋ የለውም። እኛ ማሽላ ላይ እንደምናደርገው ማማ ላይ ልጅ አስቀምጦ ወንጭፍ ማስጮህ ደግሞ ለኩሬ አይሆንም፤ ጅራፉና ወንጭፉ ወፏን አንዴ፣ ዓሦቹን አሥር ጊዜ ነው የሚያባርረው። መርዝ የሚያስብ ካለ ደግሞ ከወዲሁ ይተው፤ ወፉን የሚገድል ኬሚካል ዓሣውን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ዓሣውን የሚበላውንም ሰው። በነገራችን ላይ አጠገብ ጫት ወይም ቲማቲም ተረጭቶ ነበር? የተረጨ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ እየተሽከረከረ ይሮጣል፣ በድንጋጤ የሮጠ ይመስላል። ልዩነቱ ጥላ ሳያርፍበትም መሮጡ ነው።

---

የሐይቅ ጓሮ

አላህ ይስጥልኝ ለሁላችሁም። መርጨት የለም። ፍግ አለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል። ሰፌዱ ተበልቷል! ካርፕም ቆሮሶም እንደበሉት ግን እንዴት ይለያል? ሌላው ደግሞ ዳሩ ላይ አሻራ አለ፣ ሽመላ ብቻ መሆኑን እንዴት ላውቅ? አንድ ጎን ላይ ጉድጓድም አይቻለሁ።

---

ኩታበር

ካርፕ ሊጡን እየጠባ ይቆፍረዋል፣ ሰፌዱ ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ይተዋል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ቆሮሶ ከዳር ከዳር ይነጫል። ጠርዙ ተበልቶ መሃሉ ከተቦረቦረ ሁለቱም መጥተዋል። ደግሞ አንዳንድ ቆሮሶ ጭራሽ ባይበላ አትደንግጪ፤ እንቁላል በአፏ የያዘች እናት እስከ ሁለት ሳምንት አትበላም፣ ትደበቃለች። በዚህ ብርድ እምብዛም ነው እንጂ ሙቀት ሲመጣ ይታያል፤ ስትደነግጥ እንቁላሉን ትተፋዋለች ወይም ትውጠዋለች።

---

የቃሉ ማማ

ከኩሬው 1 ሜትር ራቅ አድርገሽ ዙሪያውን 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተነፋ አሸዋ አንጥፊ። አመድ አይሁን፤ ዝናብ ወደ ውሃው ሲያጥበው ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) ከፍ ያደርገዋል። ማታ አስተካክለሽ ጠዋት አንብቢ። ሽመላ ሦስት ረጃጅም ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ረጅም ጣት ወደ ኋላ ነው፤ ነጭ ኩሱም ይኖራል። የአርጃኖ አሻራ ባለ አምስት ጥፍር ሲሆን በመሃሉ የጅራቱ መስመር ይሳባል፤ ያየሽው ጉድጓድም የእሱ ሊሆን ይችላል። አርጃኖ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ይወጣል፣ ከጂኦሜምብሬኑ ሥር ቆፍሮ ከገባ ውሃሽ ይፈስሳል። ስለዚህ ገመዱ አይበቃውም፤ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ከላይ የቆመ የቆርቆሮ አጥር ነው የሚመልሰው። ድመትና ሸለምጥማጥ ክብ መዳፍ ይተዋሉ፣ ትንንሾቹን ከዳር ይለቅማሉ። አሻራው የጫማ ከሆነና አንድ ሌሊት ላይ ግማሹ ዓሣ ከጠፋ ደግሞ የምትጠረጥሪው ወፍ አይደለም።

ጉድጓዱን ከመድፈንሽ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጪ፤ አፉ ላይ ቀጭን ጭራሮ አቁሚበትና ሁለት ቀን ሳይወድቅ ከቆየ በጭቃና በድንጋይ ጠቅጥቂው።

---

ቦርከና ዳር

መረቡ ከተወጠረ በኋላ መደበቂያ አስገቢላቸው፣ ፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ ባዶ ሳፋ ነው፣ ዓሣ የሚጠጋበት የለውም። የ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በ60 ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ ሦስት ሦስቱን እሰሪ፤ አራት እስር ይበቃል። ጫፉን በሞረድ አለስልሺ፣ ሁለቱም አፉ ክፍት ይሁን፣ ከሥሩ አሮጌ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፊ፣ ካለዚያ ጂኦሜምብሬኑን ይበሳዋል። የተሰበረ እንስራም የሚያስገቡ አሉ፤ ስባሪው እንደ ምላጭ ነው፣ ተዪው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አታስገቢ፣ የሚለቀው ነገር ውሃውን ያበላሸዋል። ጥላ ፍለጋ እምቦጭ ከሌላ ቦታ ማምጣትማ አይታሰብ፤ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች አጠገብሽ ናቸው፣ ይዛመትባቸዋል።

ቱቦዎቹን የምታስቀምጪው 4 በ4 በሆነው ታችኛው ወለል ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ አይደለም። ቀለቡንም ከእንግዲህ ዳር ቆመሽ አትበትኚ። ከጎማ ቱቦ 1 ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ሠርተሽ መሃል ላይ አንሳፍፊው፣ በገመድ ከሁለት ወገን እሰሪው፣ ሊጡን ከረጅም ዘንግ ጫፍ በታሰረ ጣሳ እዚያ ውስጥ ጣዪ። ከመጣልሽ በፊት ዘንጉን ምሰሶው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጊ፤ ድምፁን ለይተው ይመጣሉ፣ ጥላ ሲያዩ ግን መሸሻቸውን አይተዉም።